የፈረንሳይኛን ግስ በፕሉስ ከ ፓርፌ እንዴት እናረባለን?

«ስደርስ ትምህርቱ ተጀምሮ ነበር።» ሁለት ያለፉ ነገሮች አሉ። አንዱ ከሌላው ቀድሟል። የቀደመውን በፈረንሳይኛ የምንናገርበት ጊዜ ፕሉስ ከ ፓርፌ ይባላል። ካን ዠ ስዊ ዛሪቬ፣ ለ ኩር አቬ ኮማንሴ። እዚህ በፊደላችን የምጽፈው ድምጹን ነው፤ አጻጻፉ የሚያስቸግርበት ቦታ ላይ ፊደሎቹን እየጠራሁ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ በእርግጥ ይህ ጊዜ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እዩ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ነበር»ን በየቦታው እንጠቀማለን። «ትናንት ከእናቴ ጋር አውርቼ ነበር» እንላለን፣ ከዚያ በኋላ የሆነ ሌላ ነገር ባይኖርም። ፈረንሳዮች ይህን በፓሴ ኮምፖዜ (በተራው ያለፈ ጊዜ) ነው የሚሉት፤ ኢየር ዤ ፓርሌ አቬክ ማ ሜር። ፕሉስ ከ ፓርፌ ካላችኋቸው «እሺ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ስለዚህ «ከምን በፊት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ካለው ቀጥሉ።

ቀጥሎ ረዳት ግሱን፣ አቭዋርን («ያለው መሆን»)፣ በአምፓርፌ፣ ማለትም «ነበረኝ፣ ነበረህ» በሚባልበት ያለፈ ጊዜ፣ አጥኑት። ዣቬ፣ ቱ አቬ፣ ኢል አቬ፣ ኑ ዛቪዮን፣ ቩ ዛቪዬ፣ ኢል ዛቬ። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ከስድስቱ አራቱ «አቬ» ናቸው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ነው። የ«እኔ» እና የ«አንተ» በኤስ ያልቃል፣ የ«እሱ» በቴ፣ የ«እነሱ» በኧ፣ ኤን፣ ቴ። ሦስቱም መጨረሻዎች አይነበቡም። በጆሮ ከጀመራችሁ ስድስት ሳይሆን ሦስት ነገር ብቻ ነው የምትይዙት።

ዋናው ግስ መደበኛ ከሆነ ቀላል ነው። በኧ እና ኤር የሚያልቀው ኤር ይወድቅና ኧዋ ጭረት ታገኛለች፤ ፓርሌ። በኢ እና ኤር የሚያልቀው ኤሯን ብቻ ይጥላል፤ ፊኒር፣ ፊኒ። በኤር እና ኧ የሚያልቀው ሁለቱን ጥሎ ዩ ይቀበላል፤ ቫንድር (መሸጥ)፣ ቫንዱ። የመጨረሻዋን ድምጽ ምላሳችሁ «ኢ» እያለ ከንፈራችሁን እንደ «ኡ» ሰብስባችሁ አውጧት።

ከዚያ ማጣበቅ ነው። ዣቬ ፓርሌ፣ ቱ አቬ ፓርሌ፣ ኢል አቬ ፓርሌ፣ ኑ ዛቪዮን ፓርሌ፣ ቩ ዛቪዬ ፓርሌ፣ ኢል ዛቬ ፓርሌ።

አሁን እኔን ብዙ ወራት ያስከፈለኝ ነገር ላይ ደረስን። የማታ ክፍል ውስጥ አስተማሪያችን «ትናንት ግብዣው ላይ ለምን አልበላህም?» አለችኝ። «ቤት በልቼ ነበር» ማለት ፈለግኩ። «ነበር»ን በጭንቅላቴ ተረጎምኩ። «ነበር» በመዝገበ ቃላት ኤቴ ነው፣ የኤትር («መሆን») አምፓርፌ። ስለዚህ «ዤቴ ማንዤ» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ጻፈችውና ትርጉሙን ነገረችን። «ተበልቼ ነበር» ማለት ነው። በጣም ደነገጥኩ፤ የዚያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገርኩም።

ስህተቱ የመጣው ከአማርኛው ነው። በአማርኛ «በልቼ ነበር፣ በልተህ ነበር፣ በልታ ነበር፣ በልተን ነበር» ስንል ዋናው ግስ እየተለዋወጠ «ነበር» ንቅንቅ አይልም። ፈረንሳይኛው የዚህ ግልባጭ ነው። ማንዤ ባለበት ይቆማል፣ ከሰው ሰው የሚለዋወጠው ረዳቱ ነው። ደግሞ ረዳቱ «ነበር» ሳይሆን «ነበረኝ» ነው። ዣቬ ብቻውን ሲቆም «ነበረኝ» ማለት ነው፣ ዣቬ ማንዤ ደግሞ «በልቼ ነበር»። «ነበር»ን ለብቻው ነጥላችሁ አትተርጉሙ። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ያዟቸው፣ እንደ አንድ ቃል ከአፍ ይውጡ። እኔን ያዳነኝ ይህ ነው፤ አቬ ማንዤ፣ አቬ ፓርሌ፣ አቬ ፊኒ እያልኩ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር መደጋገም።

ኤትርን የሚወስዱ ግሶች ግን አሉ፣ ቁጥራቸውም ብዙ አይደለም። ለምሳሌ አሪቬ (ደረሰ)፣ ሬስቴ (ቆየ)፣ ቶምቤ (ወደቀ)፣ አንትሬ (ገባ)፣ ራንትሬ (ወደ ቤት ተመለሰ)። እነዚህን ለብቻቸው ሸምድዱ፣ አቋራጭ የለውም። ዤቴ አሪቬ፣ ኑ ዜትዮን ዛሪቬ። «ተነሳሁ» ዓይነቶቹም ከነዚሁ ጋር ናቸው፤ ዠ ሜቴ ለቬ። እዚህ ዋናው ግስ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፣ ለሴት አንድ ኧ ይጨመራል፣ ለብዙ ኤስ። አይሰማም፣ ግን ፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳል።

አፍራሹ ረዳቱን ይከባል እንጂ ዋናውን ግስ አይነካም። ዠ ናቬ ፓ ፊኒ፤ አልጨረስኩም ነበር። በወሬ ላይ መጀመሪያ ያለችውን ን ይውጧታል፤ ዣቬ ፓ ፊኒ። ስትጽፉ ግን አትተዉአት። ዴዣም («ቀድሞ፣ አስቀድሞ») ቦታዋ እዚያው መሃል ነው፤ ለ ኩር አቬ ዴዣ ኮማንሴ።

ግስ የሚያረቡ የስልክ አፖችን ለማረጋገጫ እወዳቸዋለሁ፣ ለመማሪያ ግን አልመክርም። ሠንጠረዡ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ እጅ አይሠራም። ደብተር ግዙና ስድስቱንም በእስክሪብቶ ጻፉ፣ በተለይ አራቱን አቬዎች።

ስትጽፉ አንድ ነገር ያሳስታል። ፓርሌ ገና ያልረባው ግስ (በኧ እና ኤር የሚጻፈው) እና ፓርሌ ባለ ጭረቱ ድምጻቸው አንድ ነው። ከተጠራጠራችሁ በቦታው ቫንድርን አስገቡ። ዣቬ ቫንዱ ጆሮ ይቀበለዋል፣ ዣቬ ቫንድር አይቀበለውም። ቫንዱ ከገባ ባለ ጭረቱን ጻፉ። ከአቬ በኋላ ሁልጊዜ ቫንዱ ነው የሚገባው።