በባሕር ማዶ ያለች ዘመዳችሁ በዘሯ ምክንያት ስትበደል ከሐዋሳ ሆናችሁ የምትረዱበት መንገድ

አሜሪካ የምትኖር እኅት ወይም ልጅ በሥራ ቦታ በቆዳ ቀለሟ ምክንያት መዋረዷን በስልክ ስትነግረን፣ እዚህ ሐዋሳ ያለን ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የምንመልስላት «ቻል አድርጊው፣ የሰው አገር ነው» ብለን ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ይጎዳታል፤ የአሜሪካ ሕግ የዘር መድልዎን ቢከለክልም አቤቱታ የሚቀርብበትን ቀን አጥብቆ ይቈጥራልና። የእኅቴ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ሳለች «አነጋገርሽ የኢትዮጵያውያን ነው» ተብላ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወረች፤ ሥራዋን የሚያሰናክል የቋንቋ ችግር ግን አልነበረባትም። እኔም ጭምር ታገሺ እያልናት ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ፤ ጠበቃ ዘንድ ስትቀርብ አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ አልፎ በይርጋ ታግዳ ነበር። ሌላ ቤተሰብ ያንን ስሕተት እንዳይደግም እፈልጋለሁ።

ስትደውል እንድትረጋጋ ጊዜ ስጧት፤ ከዚያም ምን እንደተባለችና ምን እንደተደረገባት፣ ማን እንዳደረገው፣ መቼና የት እንደሆነ፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በእርሷ ሁኔታ ያለ የሌላ ዘር ሠራተኛ እንዴት እንደተስተናገደ ማወቅ ነው። አለቃ ክፉ መሆኑ ብቻውን በሕግ ፊት መድልዎ አያሰኝም፤ ሁለት ሠራተኞች እኩል አርፍደው አንዱ በቃል ተመክሮ ሌላዋ ከሥራ ከተባረረች ግን ልዩነቱ ከዘር የመጣ መሆኑን ለማሳየት መነሻ ይኖራል።

የእኛ ሰው ማስታወሻ ሲይዝ በቀንና በሰዓት ላይ ብዙ ይሳሳታል። «ጥቅምት 3 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን አስተርጓሚ በቀጥታ ካዛወረው ኦክቶበር 3 ሊያደርገው ይችላል፤ በአብዛኛው ዓመት ግን ዕለቱ ኦክቶበር 13 ነው፣ ሰዓቱም በእነርሱ አቈጣጠር ከጠዋቱ 9 ነው። የአሠሪው የሰዓት መቈጣጠሪያ በዚያ ቀን ሥራ እንዳልገባች ካሳየ እውነተኛ ምስክርነት ውሸት ይመስላል። በዚህ ላይ ሐዋሳ ማክሰኞ ሲነጋ ዋሽንግተን ገና ሰኞ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስታወሻው በምትኖርበት ከተማ ቀንና ሰዓት፣ በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ይያዝ።

በዚያው ዕለት በቴሌግራም የላከችላችሁን የድምፅም ሆነ የጽሑፍ መልእክት ፈጽሞ አታጥፉ። ድርጊቱ በተፈጸመበት ሰሞን ለቅርብ ሰው የተነገረ ቃል፣ ነገሩ ከጊዜ በኋላ ያልተፈጠረ መሆኑን ለማስረዳት ይጠቅማል። ስልክ ስትቀይሩም አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት። «የአለቃሽን ንግግር በስውር ቅጂ» ብሎ መምከር ግን አደገኛ ነው፤ እንደ ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች የግል ንግግርን ያለሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቀኑን ቍጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል። አቤቱታው ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ180 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ግዛቱ ወይም ከተማው ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ካለው ጊዜው 300 ቀናት ይደርሳል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆነች ግን የመሥሪያ ቤቷን የእኩልነት አማካሪ በ45 ቀናት ውስጥ ማነጋገር አለባት። ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ማመልከቷ ቈጠራውን አያቆመውም፤ ብዙዎች መልስ ሲጠብቁ መብታቸው የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ለኮሚሽኑ ለማመልከት ክፍያ የለም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም።

ድርጅቱ ትንሽ ቢሆን ወይም ቀኑ ቢያልፍ እንኳ በዘር ለተፈጸመ በደል ሌላ በር አለ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት ነፃ የወጡትን ጥቁሮች ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1866 የታወጀው ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ የሠራተኛ ቍጥር አይጠይቅም፣ ከሥራ መባረርን ለመሰለ በደልም አራት ዓመት ይሰጣል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ይህ ሕግ በዘር ግንድ ወይም በጎሣ መለያ የተበደለንም እንደሚጠብቅ ወስኗል። አንዳንድ ወገኖቻችን «እኛ ሐበሾች ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» ሲሉ መስማት ያሳዝነኛል፤ ዛሬ የምንጠለልበትን ሕግ በደማቸውና በትግላቸው ያስገኙት እነዚያው ጥቁሮች ናቸውና።

በደሉ ዱላ ወይም ዛቻ ከሆነ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ይቀድማል፣ ነገር ግን የወንጀል ክስ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው በኖቬምበር 1988 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ በዘረኞች ተደብድቦ ከተገደለ በኋላ ገዳዮቹ ታሰሩ፤ አጎቱ ደግሞ የሟችን መብት ወክለው፣ በሲቪል መብት ጠበቆች እየታገዙ፣ ገዳዮቹን አነሣሥቷል የተባለውን የዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርንና ድርጅቱን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። በ1990 ጁሪው፣ ማለት ከተራ ዜጎች የተመረጠው የፍርድ ሸንጎ፣ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ሐዘኑን ብቻ ሳይሆን የዘመዱን ጽናት ጭምር ብንነግር እወዳለሁ።

«ካመለከትኩ ያባርሩኛል» ብላ ብትፈራ፣ በማመልከቷ ምክንያት የሚወሰድ የበቀል እርምጃ ራሱን የቻለ ጥፋት መሆኑን ንገሯት። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላትንም ቢሆን ሕጉ ከመድልዎ ይጠብቃታል፤ በዚህ ሁኔታ ላይ ካለች ግን ከማመልከቷ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር።

ኮሚሽኑ ጉዳዩን ሲዘጋ የመክሰስ መብት ማስታወቂያ ይሰጣታል፤ ከደረሳት ጀምሮ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያላት 90 ቀን ብቻ ነው። ቤት ከቀየረች አዲሱን አድራሻዋን ወዲያውኑ ለኮሚሽኑ እንድታሳውቅ በየስልኩ አስታውሷት፤ የኮሚሽኑን የኢንተርኔት መዝገብና ኢሜይሏንም በየሳምንቱ ትመልከት።