ልጁ ላይና ሥር፣ ግራና ቀኝ ሲምታታበት

«ካርቶኑ ላይ አስቀምጥ» ሲባል ውስጡ ይከታል። ትንሽ ልጅ ከቃሉ ይልቅ ዕቃውን አይቶ ነው የሚታዘዘው፤ አፉ የተከፈተ ነገር ካየ ይከታል፣ ጠረጴዛ ካየ ላዩ ላይ ያኖራል። ስለዚህ አንዴ በትክክል ሠራ ተብሎ ቃሉን ያውቀዋል ማለት አይቻልም። የጫማ ካርቶን ድፉና የካልሲ ኳስ ሰጥታችሁ «ላይ»፣ «አጠገብ»፣ «ሥር» እያላችሁ ሞክሩት። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ዓይናችሁም ካርቶኑ ላይ አይረፍ፤ ልጆች ጣትና ዓይን ይከተላሉ። ለአንድ ቀን ሁለት ቃል ይበቃል።

«ኳሱን ከአልጋው ሥር…» ሲባል ግሱን ሳይሰማ ይሮጣል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ አውጣ ይሁን አስቀምጥ የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው። ሲጀምር «ከ»ን ለማውጣት ብቻ ተዉለት፦ «አልጋው ሥር አስቀምጥ»፣ «ከአልጋው ሥር አውጣ»።

«ፊት» እና «ኋላ» የሚያምታቱት በዛፍና በኳስ ስለሚጀመር ነው፤ ሁለቱም ፊት የላቸውም። በወንበር፣ በአሻንጉሊት መኪና ወይም በበግ ጀምሩ።

ቀኝ እጃችሁን ስታነሱ ግራውን ካነሳ ፊት ለፊት ቆማችኋል ማለት ነው፤ እንደ መስተዋት ነው የሚቀዳችሁ። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ወይም ጎኑ ቆማችሁ አሳዩት። «የምትበላበት እጅ» የሚለው ምልክት ለግራኝ ልጅ አይሠራም፤ ሁልጊዜ ቀኝ አንጓው ላይ ላላ ያለ ክር ማሰር ይሻላል። አብዛኞቹ ልጆች የራሳቸውን ቀኝ የሚለዩት ስድስት ሰባት ዓመት አካባቢ ነው፤ ፊት ለፊታቸው የቆመን ሰው ቀኝ መለየት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። የአራት ዓመት ልጅ ተሳሳተ ብሎ መቆጣት ከንቱ ነው።

ፊደል ላይም ይኸው ችግር ይመጣል፦ ባን ቦ፣ ሳን ሶ ብሎ ያነባል። በባና በሳ የሚረዝመው ቀኝ እግር፣ በቦና በሶ ግራው ነው፤ ጎን ያልለየ ልጅ ሁለቱም አንድ ይመስሉታል። ባን በትልቁ መሬት ላይ በጠመኔ ጻፉ፣ ክር ያሰረ እጁን በረጅሙ እግር ላይ እያስኬደ «ባ፣ ቀኝ» ይበል። ቦን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የምታቀርቡት ባን ለብቻዋ ሳይሳሳት ሲያነብ ነው።