ተቅማጥ የመሰለኝ ድርቀት ነበር

አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። በቅርቡ አምስት ቀን ሙሉ ሰገራ አልወጣኝም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ።

መጀመሪያ ተልባ በጥብጬ ጠጣሁ። ደሴ ብርድ ነው፣ ውሃ አያሰኝም። እኔም መጸዳጃ ቤት መመላለሱን ፈርቼ ትንሽ ነው የምጠጣው። ተልባ ደግሞ ውሃ ካላገኘ ይብሱን ያደርቃል። ቀጥሎ ማታ ቢሳኮዲል የሚባለውን የድርቀት ክኒን ዋጥኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በሰባተኛው ቀን ውሃ የመሰለ ነገር ያመልጠኝ ጀመር። ተቅማጥ ነው ብዬ ጭራሽ መጠጣት ተውኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው።

ሐኪሟ ሆዴን ዳስሳ፣ ከታችም መርምራ ነገሩን አወቀችው። የደረቀው ሰገራ መንገዱን ዘግቶ፣ የሚያመልጠኝ በጎኑ የሚሾልከው ፈሳሽ ነበር። የዘጋውን አስወጡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ያዝኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ቁርስ። ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነሳሳል፤ ስለዚህ ከበላሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ የመጸዳጃ መቀመጫዬ ላይ እሆናለሁ። እግሬን እናቴ ቡና የምታፈላበት በርጩማ ላይ እሰቅላለሁ፣ ጉልበቴ ከዳሌዬ ከፍ እንዲል። በመዳፌ ሆዴን ከቀኝ ብሽሽት ወደ ላይ፣ ተሻግሬ በግራ ወደ ታች አሻለሁ። በየሁለት ቀኑ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን በፊንጢጣ የሚገባ ቢሳኮዲል እጨምራለሁ።

የአከርካሪ ጉዳታችሁ ከደረት አጋማሽ ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ ግን ይህን ያለ ሐኪም አትጀምሩ። በመሀል ራስ ምታትና ላብ ድንገት ከመጣ ወዲያው አቁሙ፣ ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ካልተሻላችሁ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣልኝ ጀመር።