ጠይም ፊት በዘይት ቀለም አመድ ሲመስል

የእህቴን ፊት በዘይት ቀለም ስሥል ግንባሯና ጉንጯ አመድ የነካው መሰለ። ቅርጹ ልክ ነው፤ ቀለሙ ግን በድን። ጣጣው ከነጩ ቀለም ነው። ቲታኒየም ዋይት ቀለምን ያፈካል፣ ግን ያቀዘቅዘዋል፤ ማለትም ሙቀቱን ነስቶ ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። ስለዚህ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በርንት ሳይና (ቀላ ያለ ቡናማ) ላይ የለው ኦከር (አፈርማ ቢጫ) እና ትንሽ ካድሚየም ቀይ ጨምሬ አፈካሁት። ነጭ የገባው መጨረሻ ላይ፣ በብሩሽ ጫፍ ብቻ። ለጥላው ጥቁር ቀለም መጠቀም ተውኩ፤ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) እና አልትራማሪን ሰማያዊ ሲደባለቁ ሕይወት ያለው ጥቁረት ይሰጣሉ።

በመስኮት ብርሃን የጠይም ግንባር ወዝ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እዚያች ላይ ብቻ ነጭ ከቅንጣት ሰማያዊ ጋር ጣል አደረግሁ። ግንባሯ ወዲያው ወዛ! በነገራችን ላይ፣ የላይኛው የቀለም ንብርብር ከታችኛው የበለጠ የተልባ ዘይት ይኑረው፤ አለዚያ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።