የጣሊያን ጊዜ ባንክ ነው የተባለ የድሮ ፎቶ ቤታችሁ ካለ እንዲህ አርጉ

ማርቆስም ይሁን ዳንግላ ወይ ቡሬ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የድሮ ህንፃ ፎቶ አይጠፋም፣ "የጣሊያን ባንክ ነው" ይባልና እንደዛው ይለጠፋል። እባካችሁ ሳታጣሩ አትልቀቁት፣ አንዴ ከተሰራጨ የሚመልሰው የለም።

መጀመሪያ ፎቶውን አትርፉት። መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ በጭራሽ እንዳትልጡት፣ ምስሉ መስታወቱ ላይ ነው የሚቀረው፣ ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ። ስካን የሚያደርገውን ልጅ 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) በሉት፣ ፎቶው የጉርድ ያህል ከሆነ 1200። ስካነር ከሌለ ፍላሽ አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን በስልክ አንሱት፣ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ላሚኔት ግን በፍፁም! ከጭስና ከክረምት እርጥበትም አርቁት።

ከዛ ጀርባውን ገልብጡ። ፋሺስቶቹ ሙሶሎኒ ስልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ጀምሮ የራሳቸው የዓመት ቆጠራ ነበራቸው፣ በሮማ ቁጥር ነው የሚፅፉት። 1914 ደምሩበት፣ 16 ካለ 1930 ማለት ነው፣ ጥቅምት ላይ ስለሚቀየር የመስከረም ፎቶ ከሆነ አንድ ጨምሩ።

ዋናው ግን ታፔላው ነው፣ ዙም አድርጉና ፊደል በፊደል አንብቡት። "የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ" ካለ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፣ ያ ባንክ ስራ የጀመረው በ1935 ሲሆን በ1956 ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ተከፈለ፣ ስለዚህ "ንግድ ባንክ" የሚል ታፔላ ያለው ፎቶ ከዛ ወዲህ የተነሳ ነው፣ ህንፃው ራሱ ጣሊያን የሰራው ቢሆንም እንኳ። "ባንኮ ዲ ሮማ" ወይ "ባንኮ ዲ ናፖሊ" ስላለ ብቻ የወረራው 5 ዓመት ነው እንዳትሉ፣ እነዚህ አስመራ ላይ ደርግ በ1967 እስኪወርሳቸው ድረስ ይሰሩ ነበር፣ አስመራ የሰራ ዘመድ ካላችሁ ፎቶው ከዛ የመጣ ሊሆን ይችላል። የጣሊያን ባንዲራ የተሰቀለበት የማርቆስ ፎቶ ከሆነ ግን ጃንሆይ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ስለሆነ ከዛ በፊት ነው። መኪኖቹ በግራ ከሄዱም ከሰኔ 1956 በፊት ነው፣ ወደ ቀኝ የተቀየረው ያኔ ነው።

ሽማግሌ ስትጠይቁ "አባባ ይሄ ባንኩ ነው አይደል?" አትበሉ፣ ለእናንተ ሲሉ እሺ ይላሉ። "ይሄ የት ነው አባባ?" ብላችሁ ዝም በሉ፣ ያወሩ፣ በፈቃዳቸው በስልክ ቅዱት። ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሆነ በእርሳስ ወረቀት ፖስታ ላይ ፃፉና ፎቶውን እሱ ውስጥ አስቀምጡት፣ በእስክሪብቶ ፎቶው ጀርባ ላይ እንዳትፅፉ ወደ ፊት ለፊት ያልፋል።