በቤት ለሚማር ልጅ የትኛውን የሳይንስ ርዕስ መቼ ማስተማር ይሻላል?

የሳይንስ መጽሐፍ ምዕራፎቹን በገጽ ይደረድራል፤ ዘር ግን ገጽ ቆጥሮ አይበቅልም፣ ጨረቃም ገጽ ቆጥራ አትወጣም። በቤት የሚያስተምር ወላጅ ትልቁ ዕድል ምዕራፉን ነገሩ ራሱ ወደሚታይበት ጊዜ ማዛወር መቻሉ ነው።

በመጀመሪያ የዓመቱን ርዕሶች በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና በሦስት ይክፈሏቸው። ዕፅዋት፣ ነፍሳት፣ ደመናና ዝናብ፣ ጥላና ጨረቃ ወቅት የሚጠብቁ ናቸው። ልኬት፣ ሙቀት፣ የጠጣርና የፈሳሽ ጠባይ ደግሞ የልጁን ብስለት ይጠብቃሉ። ማግኔት፣ ድምፅ፣ መስተዋትና የሰው አካል ምንም አይጠብቁም። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ቀን አይቁረጡላቸው፣ በመጠባበቂያነት ይቀመጡ። ብዙ ሰው ቀላል ናቸው ብሎ ዓመቱን በእነሱ ይጀምርና፣ ዝናብ ቤት ያዋለ ቀን የሚያስተምረው ያጣል።

ወቅት የማይጠብቅ የሚመስል ግን የሚጠብቅ አንድ ሙከራ አለ። ፀጉር ያበጠረ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁርጥራጭ ወረቀት የሚስበው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። አየሩ ርጥበት ከያዘ በዕቃው ላይ የሚያርፈው ስስ እርጥበት በማበጠር የተጠራቀመውን የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስለሚያፈስሰው ወረቀቱ ንቅንቅ አይልም፤ ልጁም የሚማረው ሙከራው እንደማይሠራ ብቻ ነው።

የልጁን ብስለት ለማወቅ ሁለት እኩል ብርጭቆዎችና አንድ ጠባብ ረጅም ብርጭቆ ይበቃሉ። ሁለቱን እኩል ውሃ ይሙሉና እኩል መሆናቸውን ልጁ ራሱ ያረጋግጥ። ከዚያ እሱ እያየ የአንዱን ውሃ ወደ ረጅሙ ይገልብጡና የትኛው ይበልጣል ብለው ይጠይቁት። የልጆች አስተሳሰብ እንዴት እንደሚያድግ ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በዚህ ዓይነት ጥያቄ እንዳሳየው፣ ከ7 ዓመት በታች ያሉ ብዙ ልጆች ረጅሙን ይመርጣሉ። ይህ በገለጻ ብዛት ብቻ በቀላሉ የሚቃና አይደለም። ልጁ ረጅሙን ካለ የፈሳሽ ልኬትንና ይዘትን ለጥቂት ወራት ያቆዩ፤ በዚያ ጊዜ መሰብሰብ፣ መለየትና መሳል የሚበዛባቸውን የዕፅዋትና የእንስሳት ርዕሶች ያስቀድሙ። ከ3 ወር በኋላ እንደገና ይሞክሩት።

ሒሳቡንም አስቀድመው ያዩ። መስመሮቹ በየ2 ዲግሪው የተሰመሩ ቴርሞሜትር ለማንበብ ልጁ በሁለት በሁለት መቁጠር አለበት። ጭነትን ከርቀት ጋር የሚያነጻጽር የማንሻ ሙከራ ማባዛትን፣ በአንድ ይዘት ውስጥ ምን ያህል ቁስ እንደታጨቀ የሚለካው እፍጋት ደግሞ ማካፈልን ይፈልጋል። ሒሳቡ ያልደረሰበት ልጅ ቁጥሩን ከእርስዎ ይቀበላል እንጂ ሳይንሱን አይማርም።

ቀን መምረጥ ከሁሉ የሚከብደው ለጨረቃ ነው። ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። የመነሻው ቀን በዘፈቀደ ተይዞ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ከዋለ፣ ልጁ ደብተሩን ይዞ ይወጣና ባዶ ሰማይ ያያል። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ ሙሉ በሆነች በሳምንቷ የምትወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ስለዚህ አዲስ ጨረቃ በሆነች በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይጀምሩ። ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል ቀጭን ማጭድ መስላ ትታያለች፤ ከዚያ ለ12 ቀን ያህል በየምሽቱ ከመኝታ በፊት ትገኛለች። ሙሉ ከሆነች በኋላ ምልከታውን ወደ ማለዳ ያዛውሩት። ፀሐይ ስትወጣ ጨረቃን በምዕራብ ያገኟታል፤ በየቀኑም እየሳሳች ወደ ምሥራቅ ታፈገፍጋለች።

ለመመዝገቢያ በሳንቲም ዙሪያ 30 ክቦች አስቀድመው ይሳሉለት። ልጁ በየቀኑ የጨለመውን ክፍል ብቻ ያጥቁር። ደመና የሸፈናት ቀን «ደመና» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ።

ማብራሪያው ከምልከታው በኋላ ይምጣ፤ ከቀደመ ልጁ ያየውን ሳይሆን የተነገረውን ይስላል። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ያብሩ፤ ልጁ እርሳስ ላይ የተሰካ ኳስ እጁን ዘርግቶ ይያዝና ባለበት ቀስ ብሎ ይዙር። አምፖሉ ፀሐይ፣ ኳሱ ጨረቃ፣ የልጁ ጭንቅላት መሬት ናቸው። ኳሱ ከልጁ ጭንቅላት ትንሽ ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ፣ ጀርባውን ለአምፖሉ ሲሰጥ የጭንቅላቱ ጥላ ኳሱ ላይ ያርፍና ጨረቃን የምታጎድላት የመሬት ጥላ ናት ብሎ ይደመድማል። የመሬት ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው ግን በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህ ስህተት አንዴ ከገባ ለማውጣት ብዙ ያደክማል።

ለዘር ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ስለ ሥር የሚማሩት ሐሙስ ከሆነ የቦሎቄው ዘር ባለፈው ዓርብ ማታ ውሃ ውስጥ ይደር፣ ቅዳሜ ጠዋት በብርጭቆው ግድግዳና በእርጥብ ወረቀት መካከል ይቀመጥ። ሞቅ ባለ ክፍል ሥሩ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። አንድ ዘር ብቻ አያስቀምጡ፤ ሁሉም ስለማይበቅል 6 ይሁን። ወረቀቱ እርጥብ እንጂ በውሃ የተሞላ አይሁን፤ አየር ያጣ ዘር ይበሰብሳል።

በሳምንት ሁለት ቀን ከ40 እስከ 50 ደቂቃ መያዝ በየቀኑ 20 ደቂቃ ከመቆራረጥ ይሻላል፤ ዕቃ ማውጣትና መወልወል ብቻውን 15 ደቂቃ ይበላል። ሰዓቱን ከዕረፍት ወይም ከምሳ በፊት ያድርጉት፣ ሙከራ ሲረዝም ሌላ ትምህርት እንዳይገፋ። ጨረቃና ዘር ግን ከዚህ ሰዓት ውጭ በየቀኑ 5 ደቂቃቸውን ይወስዳሉ። በዕድሜ የሚለያዩ ልጆች ካሉ ርዕሱ አንድ ይሁን፤ ትንሹ ይሳል፣ ትልቁ ለክቶ ይጻፍ።

ከየ6 ሳምንቱ ቀጥሎ አንድ ሳምንት ባዶ ይተዉ። በረዶ ቢጥል፣ አባጨጓሬ በር ላይ ቢገኝ፣ የዘሩ ሥር ቢዘገይ የሚገባው እዚያ ነው። ሳምንቱ ባዶውን ከቀረ መጠባበቂያ ካደረጓቸው ርዕሶች አንዱን ያውጡለት፤ ማግኔቱ የተቀመጠው ለዚህ ነው።