በጂኦግራፊ ፈተና ወረቀት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

“ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ሞቃት ናት።” ይህን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ፤ በየዓመቱም ተመልሶ ይመጣል። ቅርበቱስ እውነት ነው፤ አገራችን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ውስጥ ናት። ግን ከፍታው የት ገባ? አዲስ አበባና ድሬዳዋ በኬክሮስ የሚራራቁት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። አንደኛዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ፣ ሌላዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል፤ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። ደብረ ብርሃን ሳስተምር፣ ጋቢ ተከናንቦ ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ “ሞቃት ናት” ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው “መጽሐፉ ሞቃታማ ቀጠና ይላል” አለኝ። ኬክሮስ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም፤ በደጋም ቢሆን የሐምሌና የጥር ሙቀት እምብዛም የማይራራቀው በእሱ ምክንያት ነው። አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው የከፈሉት ገበሬዎች ግን ይህን ፈተና ቢቀመጡ ብዙዎቻችሁን ይበልጡ ነበር።

ዝናብ የሚመጣው ከቅርቡ ባሕር ነው ብሎ መጻፍ ሌላው ስህተት ነው። ለቀይ ባሕር የሚቀርበው አፋር ከአገሪቱ ደረቅ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ሩቁ ኢሉባቦር ደን ለብሷል። ርቀት ከመለካታችሁ በፊት ነፋሱ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሣ ጠይቁ። “ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ነው” ብላችሁም አገሩን በሙሉ አትጠቅልሉ፤ ቦረና ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው።

ኬክሮስንና ኬንትሮስን ማምታታትማ ገና በታችኛው ክፍል መቅረት ነበረበት።

“ወደብ ስለሌላት ደሃ ናት” የሚለው ደግሞ ያበሳጨኛል። ወደብ ማጣት ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አብዛኛው ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ታዲያ ስዊዘርላንድንና ቦትስዋናን በምን ልታስረዱ ነው? የመጀመሪያዋ ሀብታም ጎረቤቶች አሏት፤ ሁለተኛዋ የምትሸጠው አልማዝ ዋጋው እንጂ ክብደቱ አይከብድም። ስለዚህ ጎረቤቷ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደምትጭንም ጻፉ። የሆለታ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ፣ ሌሊት ደግሞ የደጋ ቅዝቃዜ አግኝቶ ከቦሌ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ወደብ አይፈልግም። ማዳበሪያ ግን በመርከብ መጥቶ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዚያም የዘር ወቅት ሳያልፍ ጎጃም መድረስ አለበት። ሁለቱን ጭነቶች አነጻጽሮ የጻፈ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።